የዲጂታል ካሜራ ማስተካከያዎችና የፎቶግራፍ ጥራት

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት በአልኮባር የባሕር ዳርቻ ተሰብስበን የተነሣነውን ፎቶግራፍ ያየ የማኅበራችን አባል ሁሉ አንድ ነገር ሳይታዘብ አልቀረም። ከበስተኋላችን ያለው ባሕር ያብረቀርቃል፤ የእኅቶቻችን ቀሚስና የወንዶቹ ጋቢ ጥለቱ ሳይቀር ይታያል፤ የሰዎቹ ፊት ግን ጥላ ብቻ ነው። አንድ አባል ፎቶግራፉን በኮምፒዩተር ለማድመቅ ሞክሮ ነበር። ፊቶቹ ከጨለማው ወጡ፤ ነገር ግን ዐመድ የተነሰነሰባቸው መሰሉ። ማታ በአዳራሽ ውስጥ የተነሡት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ፊቱ ይታያል፤ ነጠላው ግን የሸማኔው ሥራ ሁሉ ጠፍቶበት እንደ ባዶ ወረቀት ነጥቷል።

ካሜራው ርካሽ አልነበረም፤ 24 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ነው። ያነሣውም ወንድማችን ቸልተኛ አይደለም። ስሕተቱ ውሳኔውን ሁሉ ለካሜራው መተዋችን ነበር። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ከቆሙት መካከል ትምህርታቸውን ጨርሰው የተለያዩን አሉ። እነሱን መልሶ አሰባስቦ ማንሣት አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እንዲህ ያለው ጥፋት እንዳይደገም፣ የካሜራን ዋና ዋና ማስተካከያዎች አሠራር ከነምክንያታቸው ለአባላት ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ትምህርቱ በሙሉ በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል፦ ከዚህ ፎቶግራፍ ላይ ምን እንዲጠፋ አልፈቅድም? ቀጥሎ የምንዘረዝራቸው ማስተካከያዎች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡ መልሶች ናቸው።

1. ካሜራ ብርሃንን የሚለካው እንዴት ነው?

በመሠረቱ ካሜራ የሚለካው ሰውን ወይም ሸማን ሳይሆን የብርሃን መጠንን ነው። በራሱ ሲሠራ የሚመራበት ግምት አለው። ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ሲታይ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 18 ያህሉን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሣል። ያገኘው ነገር ከዚህ የደመቀ ከሆነ ያጨልመዋል፤ የጨለመ ከሆነ ያደምቀዋል።

ይህን ግምት ወደ እኛ ሁኔታ እናምጣው። ንጹሕ ነጭ የጥጥ ሸማ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 80 ያህሉን ይመልሳል። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ግን ብዙውን ጊዜ በመካከለኛው ግራጫ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሃያ ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ ከበስተኋላቸውም የሚያብረቀርቅ ባሕር ኖሮ ሲቆሙ፣ የሚነሣው ቦታ አብዛኛው ደማቅ ይሆናል። ካሜራውም ደመቀ ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። ሸማው ወደ ግራጫ ሲወርድ ፊቱ ወደ ጥላ ይወርዳል። በአዳራሹ ውስጥ የነበረው መጋረጃ ጥቁር ስለ ነበር ካሜራው በተቃራኒው ብርሃን ጨመረ፤ ነጠላውም ነጥቶ ጠፋ። እንግዲህ ሁለቱ ስሕተቶች ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ናቸው። የዛሬ ካሜራዎች ፊትን ፈልገው አግኝተው ልኬታቸውን ለማረም ይሞክራሉ። ሆኖም ከበስተኋላ የሚመጣው ብርሃን ሲበረታ አሁንም ይሳሳታሉ።

ነገሩ በፊልም ዘመንም የነበረ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ያቀርብ ነበር። ካርዱ «ሺርሊ» ይባል ነበር፤ በላዩ የምትታየውም ነጭ ሴት ነበረች። የቀለሙ ልክ የሚመሳከረው በእርስዋ ቆዳ ስለ ነበር፣ የጥቁር ሰዎች ፊት ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ጠፍቶ ይወጣ ነበር። ኮዳክ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሴቶች በአንድነት የያዘ ካርድ ያወጣው በ1990ዎቹ ነው። ጉግል ኩባንያ የስልኩን ካሜራ የጠቆረ ቆዳን አጥርቶ እንዲያሳይ አሻሽዬአለሁ ብሎ ያስታወቀውም በ2021 ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው «አማካይ» ሰው የመረጠው አማካይ መሆኑን ነው። ከእኛ ፊትና ልብስ ጋር ካልተስማማ የማረሙ ፋንታ የእኛ ነው።

ማረሚያው ቀላል ነው። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ይገኛል። ወደ +1 ሲወሰድ የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል፤ ወደ -1 ሲወሰድ በግማሽ ይቀንሳል። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሲበዛ፣ ወይም ብርሃኑ ከሰዎቹ ጀርባ ሲመጣ በ+1 ጀምሩ። ከበስተኋላ ያለው ጨለማ ሲሆን ደግሞ ወደ -1 አውርዱ። ፊቱንም ጥለቱንም በአንድነት ማዳን ያልተቻለ እንደ ሆነ፣ ሰዎቹን ወደ ጥላ ወይም ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዙሩ እንጂ ካሜራውን አታስጨንቁ።

ውጤቱን በካሜራው መስታወት ብቻ አትፍረዱ፤ በፀሐይ ውስጥ መስታወቱ ያታልላል። ሂስቶግራም የተባለውን ሥዕላዊ መግለጫ ተመልከቱ። ግራው ጨለማውን፣ ቀኙ ብርሃኑን ያሳያል። ክምሩ ከቀኙ ጠርዝ ጋር ከተጣበቀ ነጩ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ያም በኋላ አይመለስም። በጥላ ውስጥ የቀረውን በከፊል ማውጣት ይቻላል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል።

2. ሦስቱ የብርሃን መቈጣጠሪያዎች

ሀ. የሌንሱ ቀዳዳ። ባለሙያዎች አፐርቸር ይሉታል። ልኩ ኤፍ 2.8፣ ኤፍ 4፣ ኤፍ 5.6፣ ኤፍ 8፣ ኤፍ 11፣ ኤፍ 16 እየተባለ ይጠራል። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ሰፊ ቀዳዳ ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ነገር ግን ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ያጥራል። በሁለት ረድፍ ከቆሙት ሰዎች የፊተኛው ረድፍ ጠርቶ የኋለኛው የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ለአንድ ሰው ፊት ኤፍ 4፣ ለሁለትና ለሦስት ረድፍ ሰዎች ኤፍ 8 ጥሩ መነሻ ነው። እስከ ኤፍ 22 ማጥበብ ጥራትን ይጨምራል ማለት ግን ስሕተት ነው። ብርሃን እጅግ ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ ስለቱን ያጣል።

ለ. የሹተሩ ፍጥነት። ሹተር ብርሃን ወደ ውስጥ የሚገባበትን ጊዜ የሚወስን መጋረጃ ነው። ጊዜው ከረዘመ የእጃችን መንቀጥቀጥም ሆነ የሰዎቹ እንቅስቃሴ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ቆመው ለሚነሡ ሰዎች የሰከንድ 1/125 በቂ ነው። ለሚሮጡ ሕፃናትና ለእስክስታ ከ1/500 አትውረዱ፤ ትከሻ ከእግር ይልቅ ፈጣን ነውና።

ሐ. አይ.ኤስ.ኦ.። ሴንሰሩ የሰበሰበው ብርሃን ምን ያህል ተጎልቶ እንደሚታይ የሚወስን ቁጥር ነው። ብርሃን በበዛበት 100 ይበቃል። ቁጥሩ ወደ 1600ና 3200 ሲወጣ በምስሉ ላይ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ እየጎላ ይሄዳል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ነጠብጣብ በመፍራት ቁጥሩን ዝቅ አድርገው ሹተሩን ያዘገያሉ። ውጤቱ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ነው። ነጠብጣብ ያለበትን ጥርት ያለ ፊት ዘመድ ያውቀዋል፤ የደበዘዘውን ግን ማንም አያጠራውም።

ስለዚህ የአመራረጡ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ ጠይቃችሁ ሹተሩን ወስኑ። በሁለተኛ ደረጃ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚያስፈልግ ጠይቃችሁ ቀዳዳውን ወስኑ። አይ.ኤስ.ኦ.ን በመጨረሻ፣ ለቀረው ጉድለት ማሟያ አድርጉት። ካሜራው አይ.ኤስ.ኦ.ን በራሱ እንዲመርጥ መፍቀድ ይቻላል፤ ነገር ግን 6400ን ከመሰለ ጣሪያ እንዳያልፍ ወስኑለት።

3. ፋይሉና ቀለሙ

ካሜራ ምስሉን በሁለት መልክ ያስቀምጣል። አንደኛው ጄፔግ ነው። ካሜራው ራሱ ቀለሙን ወስኖ፣ ትርፍ ነው ያለውን ጥሎ፣ ፋይሉን አሳንሶ ያስረክባል። ሁለተኛው ራው ነው፤ ጥሬ ማለት ነው። ሴንሰሩ የሰበሰበውን ይዞ ያቆያል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃዎች ሲኖሩት፣ ባለ 14 ቢት ራው 16,384 ደረጃዎች አሉት። ፊታችን በኮምፒዩተር ሲደምቅ ዐመድ የመሰለው፣ በጄፔጉ ጥላ ውስጥ የቀሩት ደረጃዎች ጥቂት ስለ ነበሩ ነው። ራው እንደ ሊጥ፣ ጄፔግ እንደ ተጋገረ እንጀራ ነው። ሊጥ ቢወፍር ውኃ ይጨመርበታል፤ ከተጋገረ በኋላ ግን የሚደረግ ነገር የለም።

ራው ቦታ ይፈጃል። ከ24 ሚሊዮን ፒክስል ካሜራ የሚወጣ አንድ ራው ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይመዝናል፤ 64 ጊጋባይት ካርድ 2,000 ያህሉን ይይዛል። ከዚያም በኮምፒዩተር መሥራትን ይጠይቃል። ስለሆነም ዳግመኛ ለማይገኝ ነገር ራውና ጄፔግን በአንድነት፣ ለዕለት ጉዳይ ጄፔግን በከፍተኛው ጥራት መጠቀም ይበቃል።

ቀለምን የሚያርመው ማስተካከያ ዋይት ባላንስ ይባላል። ብርሃን ሁሉ አንድ ቀለም አይደለም። የቀን ብርሃን 5,500 ኬልቪን፣ የቀድሞው ቢጫ አምፑል 2,800፣ የጧፍ ነበልባል 1,900 ያህል ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫና ቀይ ያደላል። ካሜራው በራሱ ሲገምት የጠይም ፊትን ሙቀት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ወደ ሰማያዊ ሊያዞረው ይችላል። ይህን ለመከላከል በዚያው ብርሃን ውስጥ ግራጫ ካርድ ወይም ነጭ ወረቀት አስቀድማችሁ አንሡና ካሜራው በዚያ እንዲመራ አድርጉ። የመስኮት ብርሃንና የአምፑል ብርሃን በአንድ ፊት ላይ አትቀላቅሉ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያርም ማስተካከያ የለም።

4. የፒክስል ብዛትና የስልክ ካሜራ

በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 10,000 ፒክስል ብቻ ነበረው፤ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ ነጋዴው የሚፎክረው በሚሊዮን ነው። ነገር ግን 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶግራፍ በጥሩ ጥራት ለማተም 2 ሚሊዮን ያህል፣ 20 በ30 ለሆነው ደግሞ 9 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ይበቃል። የእንቁጣጣሹን ፎቶግራፍ ያበላሸው የፒክስል ማነስ አልነበረም።

በስልክ ለሚያነሡ አባላትም ትምህርቱ ያው ነው። ባለ 50 ሚሊዮን ፒክስል ስልኮች ብዙዎቹ አራት አራቱን ፒክስል በማጣመር 12.5 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ያለው ምስል ይሰጣሉ፤ በደብዛዛ ብርሃን ይህ ይሻላል። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ፊቱን በጣት ነክታችሁ፣ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በመግፋት ብርሃኑን አርሙ። በሁለት ጣት ዘርግታችሁ ከማቅረብ ይልቅ በእግር ቅረቡ።

5. የዳህራን ብርሃንና አየር

ጥርት ባለ የቀትር ፀሐይ፣ በአይ.ኤስ.ኦ. 100 ኤፍ 16 እና 1/100 ትክክለኛ መነሻ መሆኑን የፊልም ዘመን አንሺዎች በቃላቸው ይዘውት ነበር። ኤፍ 8 እና 1/400 ከዚሁ ጋር እኩል ነው። በሐፍ ሙን ቤይ ነጭ አሸዋ ላይ ወይም ከውኃው አጠገብ ወደ 1/800 ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። የቀትር ፀሐይ ግን ከአናት ስለምትወርድ ዓይንን በጥላ ትሸፍናለች። በዚያ ሰዓት ማንሣት ግድ ከሆነ፣ በንጉሥ ፋህድ የነዳጅና የማዕድን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባሉት ቅስቶች ሥር ያለው ጥላ ይመረጣል። በ2018 ለሕዝብ በተከፈተው በኢትራ ማዕከል ፊት ለፊት ቆሞ የሚነሣ ሰው ደግሞ ከባሕሩ ጋር የሚመሳሰል ችግር ይገጥመዋል። የሕንጻው ልባስ የሚያብረቀርቅ የብረት ቱቦ ነውና ካሜራው ፊቱን ሊያጨልም ይችላል።

አልኮባር ባሕሩን በስተ ምሥራቅ ይዛ የምትገኝ ከተማ ናት። ጠዋት ፀሐይ ከባሕሩ በኩል ስለምትወጣ፣ ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሁሉ ፊቱ በጥላ ይወድቃል። ያንኑ ፎቶግራፍ በዚያው ቦታ ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት ተኩል ብናነሣው ኖሮ ፀሐይዋ ፊታችንን ታበራልን ነበር። ጊዜን መምረጥም አንዱ ማስተካከያ ነው።

ስለ እርጥበት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በጁላይ 8 ቀን 2003 በዳህራን የተመዘገበው የጤዛ ነጥብ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛው ተብሎ ይጠቀሳል። በዚያን ዕለት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች በሆነ ማንኛውም ነገር ላይ ጤዛ ያርፍ ነበር ማለት ነው። በኤር ኮንዲሽን የቀዘቀዘ ሌንስ በበጋ ወደ ውጭ ሲወጣ ወዲያው የሚሸፈነው ለዚህ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ያዙትና ውጭ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሞቅ ቆዩት። አቧራ ያዘለው የሸማል ነፋስ ሲነፍስ ሌንስ አትቀይሩ፤ በቆመ መኪና ውስጥም ካሜራ አትተዉ።

ከዚህ ጋር ሕጉን ማወቅ ይገባል። የነዳጅና የጦር ተቋማትን ማንሣት የተከለከለ ነው፤ ዳህራንም በሁለቱም የታወቀች ናት። በ2007 የወጣው የሳውዲ አረቢያ የኤሌክትሮኒክ ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን የግል ሕይወት መድፈርን ያስቀጣል። ሰው ሳይፈቅድ አታንሡ፤ በተለይ ቤተሰብ በተቀመጠበት አቅጣጫ ካሜራ አታዙሩ።

6. ወደ አገር ቤት ስንገባ

ብዙዎቻችን አገር ቤት የምንገባው በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። የእናትና የአባት ፊት፣ የአያት ፎቶግራፍ፣ የአጥቢያው ብራና በየጊዜው የሚጠብቀን አይደለም። በሽማግሌዎች ላይ ፍላሽ አታብሩ። በመስኮት አጠገብ አስቀምጣችሁ፣ የቤቱን አምፑል አጥፍታችሁ፣ በኤፍ 4 እና በ1/125 ራው አንሡ።

ስለ ብራና ካለፈው ሥራ የምንማረው አለ። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ቀርጿል። ቅጂዎቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ለብዙ ዓመታት የመጻሕፍቱን ዝርዝር በማዘጋጀት ደክመዋል። የሥራው ጥቅም ታላቅ ነው። ነገር ግን ማይክሮፊልሙ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ፣ በብራናው ላይ በቀይ የተጻፈው የቅዱሳን ስም በፊልሙ ላይ ከጥቁሩ የሚለየው ምናልባት በግራጫነቱ ብቻ ነው። አንሺዎቹ ዘመናቸው የፈቀደላቸውን ሠርተዋል። እኛ ዛሬ ቀለሙን የመያዝ አቅም በእጃችን እያለ በግዴለሽነት ብናጠፋው ግን ምክንያት የለንም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪና የዕቃ ቤቱን ኃላፊ አስፈቅዱ፤ መጽሐፉንም እነርሱ ራሳቸው ይግለጡ። ካሜራውን በትሪፖድ ላይ ከገጹ ጋር ትክክል አድርጋችሁ አቁሙ። ብርሃኑ ከሁለት ወገን በእኩል የሚመጣ የጥላ ብርሃን ይሁን፤ ፍላሽ አይኑር። ኤፍ 8፣ አይ.ኤስ.ኦ. 100፣ ራው፤ እጅ እንዳያንቀጠቅጠው ደግሞ በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ አንሡ። በመጀመሪያው ምስል ላይ ማስመሪያና ግራጫ ካርድ ይኑር።

የደከማችሁበትን በመላክ አታበላሹት። ቴሌግራምም ሆነ ዋትሳፕ ፎቶግራፍን እንደ ፎቶግራፍ ሲልክ ጨምቆ ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል አያይዛችሁ ላኩ። ዋናውንም ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ።

7. ለመጪው ስብሰባ የሚሠራ መልመጃ

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሥሩ። አንዱ ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ለብሶ መስኮትን ከጀርባው አድርጎ ይቁም፤ ሌላው በ-1፣ በ0 እና በ+1 ሦስት ጊዜ ያንሣው። ከዚያ ወዳጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሦስቱ ይደገሙ። ስድስቱን ምስሎች ከነሂስቶግራማቸው ይዛችሁ ኑ። ለውይይት የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ፊቱ የታየው በየትኛው ነው? ጥለቱ የጠፋው በየትኛው ነው? ሁለቱም በአንድነት የታዩበትን ምስል ያመጣ አባል ያንን እንዴት እንዳገኘው ለጉባኤው ያስረዳል።

በሚመጣው እንቁጣጣሽ በአልኮባር እንደገና እንሰበሰባለን። ካሜራውን የሚይዘው ማንም ይሁን ማን፣ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ቆም ብሎ ምን እንዲጠፋ እንደማይፈቅድ ራሱን ይጠይቅ። የዚያን ጊዜ ወደ ቤተሰቦቻችን የሚደርሰው ሸማችን ብቻ ሳይሆን ፊታችንም ይሆናል።